የውሃ ወፎች ወደ ሰሜን ሲነሡ፦ ከቤተሰብ ጋር በሐይቅ ዳርቻ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚረዳ መመሪያ

በመጋቢት አጋማሽና በሚያዝያ መጨረሻ መካከል በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ የሚታየው የወፍ ብዛትና መልክ በሌሎቹ ወራት ከሚታየው የተለየ ነው። በመስከረምና በጥቅምት የአውሮፓን፣ የሩስያንና የመካከለኛው እስያን ብርድ ሸሽተው የመጡት የውሃ ወፎች በዚህ ጊዜ ወደ መራቢያ ምድራቸው ለመመለስ ይሰናዳሉ፤ ከእኛ በስተደቡብ በኬንያና በታንዛንያ የከረሙትም ሸለቆውን ተከትለው ወደ ሰሜን ሲያልፉ ጥቂት ቀናት በእነዚሁ ሐይቆች ዐርፈው ይመገባሉ። ዓመቱን ሙሉ ከሐይቆቹ የማይለዩት ነባር ወፎችም አብረዋቸው ስላሉ፣ አንድ ቤተሰብ ቅዳሜንና እሑድን መድቦ ቢሄድ ልጆቹ መንገደኛውንና ነዋሪውን ወፍ በአንድ ዳርቻ ላይ ጎን ለጎን ያያሉ። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ጉዞ እንዴት ማሰናዳት፣ በየትኛው ሰዓት ከየት ሆኖ ማንሣትና ወፎቹን ሳይረብሹ እንዴት መቅረብ እንደሚቻል ያስረዳል።

ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ሰው ይህ ወቅት ከመስከረሙ የሚመረጠው በላባው ምክንያት ነው። ብዙዎቹ ወፎች ሲመጡ ግራጫና ቡናማ፣ እርስ በርሳቸውም ለመለየት የሚያስቸግሩ ናቸው፤ ከመመለሳቸው በፊት ግን አሮጌውን ላባ ጥለው የመራቢያ ጊዜያቸውን ቀለም ይለብሳሉ። ከርሊው ሳንድፓይፐር የሚባለው፣ መንቁሩ ወደ ታች የጎበጠ ትንሽ የጭቃ ላይ ወፍ በጥር ወር ደረቱ ነጭ ነው፤ ወደ ሚያዝያ መጨረሻ ሲቃረብ የሸክላ ቀለም ያለው ቀይ ይሆናል። ነጭ ክንፍ ተርን የተባለችው፣ በውሃው ላይ ዝቅ ብላ የምትበርረው ወፍ በየካቲት ከሞላ ጎደል ነጭና ግራጫ ናት፤ በሚያዝያ ግን ሰውነቷ ጠቁሮ ክንፏ ነጭ ሆኖ ይታያል። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት ጥቁርና ነጭ ተዥጎርጉራ ስለምትሰነብት በአንድ መንጋ ውስጥ መልካቸው ፍጹም አንድ የሆነ ሁለት ወፎች ማግኘት ያስቸግራል። ጋርጋኒ የተባለው ትንሽ ዳክዬ ወንዱ ከዓይኑ በላይ ተነሥቶ ወደ ማጅራቱ የሚወርድ ነጭ መስመር አለው፤ ይህም መስመር ከሩቅ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ሳይቀር ጎልቶ ይወጣል።

ከካሜራና ከቦታ ምርጫ በፊት ግን ወላጅ ራሱ ተረድቶ ለልጆቹ ሊያስረዳቸው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከዝዋይ እስከ ሞስኮ በአየር መስመር ሲለካ ከ5,000 ኪሎሜትር በላይ ነው፤ ከእነዚህ ወፎች ብዙዎቹ ደግሞ ከዚያም አልፈው እስከ ሳይቤሪያ ይዘልቃሉ። መንገዳቸው ባሕርና በረሃ የሚያቋርጥ በመሆኑ ትንንሾቹ የጭቃ ላይ ወፎች ከመነሣታቸው በፊት የተለመደውን ክብደታቸውን ግማሽ የሚያህል ስብ ሊያከማቹ ይችላሉ። በዳርቻው ላይ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና እያሉ የሚለቅሙት ትልና ነፍሳት የመንገድ ስንቃቸው ነው። ቀርበን ባስነሣናቸው ቁጥር ከዚያ ስንቅ ላይ ይቀነሳል፤ የመመገቢያ ጊዜያቸውም ያጥራል። ስለዚህ በዚህ ወቅት ጥሩ ፎቶግራፍ የምለው፣ ወፉ እኛ ከመምጣታችን በፊት ሲሠራ የነበረውን ሥራ ሳያቋርጥ የተነሣበትን ነው። ከዚህ በታች ስለ ቦታም ሆነ ስለ ካሜራ አያያዝ የምጽፈው ምክር ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

ቦታውና ፀሐዩ

ለመጀመሪያ ጉዞ ዝዋይን፣ በሌላ ስሙ ደንበል ሐይቅን፣ እመርጣለሁ። ሐይቁ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባቱ ከተማ ዳር ያለ ሲሆን፣ ከሞጆ በመቂ በኩል የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከልጆች ጋር ለሚሄድ ሰው ጉዞውን በእጅጉ አቅልሎታል። ዝዋይ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻውን ፊላና ደንገል ሸፍነውታል፤ ውሃው በሚሸሽበት በኩል ደግሞ ለምለም ሣርና ጭቃ ይገለጣል። እንዲህ ያለ ዳርቻ ለሚዋኘውም፣ በረጅም እግሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ለሚያጠምደውም፣ በጭቃው ላይ ለሚሯሯጠውም ወፍ ምግብ አለው። ነጭ ፔሊካኖቹ እዚህ የበዙበት ምክንያትም ከምግብ ጋር የተያያዘ ነው፤ በሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ የሚራቡት ፔሊካኖች ቀድሞ ዓሣ የሚፈልጉት በጎረቤቱ በአብያታ ነበር፤ የአብያታ ውሃ እየሸሸ፣ ጨውነቱም እየበረታ ሄዶ ዓሣው ሲጠፋ ግን ወደ ዝዋይ መመላለስ ጀመሩ።

በዝዋይ ብዙ ጎብኚዎች የማያስተውሉት ጉዳይ የፀሐይ አቅጣጫ ነው። ባቱ ያለችው በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ስለሆነ በማለዳ ወደ ውሃው ያነጣጠረ ካሜራ ፊት ለፊት ፀሐይን ይጋፈጣል፤ ወፉም ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ጥላውን ለሚፈልግ ሰው፣ ለምሳሌ በታንኳ ላይ የቆመ ዓሣ አጥማጅንና በዙሪያው የሚንሳፈፉ ፔሊካኖችን በወርቃማ ውሃ ላይ ለማንሣት፣ ይህ መልካም ነው። የላባውን ቀለም የሚፈልግ ግን ወደ ውሃው ዘልቆ በገባው የጀልባ መሳፈሪያ ላይ እስከ ጫፉ ሄዶ ወደ ኋላው፣ ወደ ዳርቻው ቄጠማ ዞሮ ይቁም፤ ያን ጊዜ ፀሐይዋ ከጀርባው ትሆንና በቄጠማው ሥር ያሉትን ወፎች በሙሉ ብርሃን ያገኛቸዋል። ከሰዓት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስለምታዘቀዝቅ ከከተማው ዳርቻ ሆነው በውሃው ላይ ያለውን ሁሉ ያለ ችግር ማንሣት ይቻላል።

ሐዋሳ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናት። ከተማዋ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለተቆረቆረች የማለዳዋ ፀሐይ ከጀርባ ሆና ውሃውን ታበራለች። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን በሚያስጠጉበት በአሞራ ገደል አባ ኮዳዎች፣ ፔሊካኖችና ሌሎችም ወፎች ሰውን ሳይፈሩ ጥቂት እርምጃ ርቀው ስለሚቆሙ፣ የስልክ ካሜራ ብቻ ያላቸው ልጆች እንኳ ጥሩ ፎቶ ይዘው የሚመለሱት ከዚያ ነው። ሦስት ቀን ያለው ቤተሰብ የመጀመሪያውን ከሰዓትና የማግስቱን ማለዳ በዝዋይ አሳልፎ፣ ሦስተኛውን ማለዳ በሐዋሳ ቢያደርግ በሁለቱም ሐይቆች ፀሐይን ከጀርባው ያገኛታል። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ በአሞራ ገደል ዓሣ ወርውረው ወፎቹን የሚያቀርቡ ሰዎች ይኖራሉ። ልጆች ይህን ማየት ቢያስደስታቸውም፣ ለፎቶግራፍ ብሎ ገንዘብ ከፍሎ ወፍ ማስጠራት አልመክርም፤ ዓሣ አጥማጆቹ በሥራቸው መሀል የሚጥሉት የዓሣ ትርፍራፊ ያለ እኛ ክፍያም ወፎቹን ይሰበስባቸዋል።

አብያታና ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውበቱ የሚካድ አይደለም፤ ፍላሚንጎዎቹም ብዙ ሰው ይስባሉ። ነገር ግን የአብያታ ውሃ ከመኪና መንገዱ በጣም ስለራቀ የእግር ጉዞው ረጅም ነው፤ ከላይ ደረቅ የሚመስለው የዳርቻው ጭቃም ከሥሩ ልል ስለሆነ መኪና ይውጣል። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ለሌላ ጊዜ ቢቆይ ይሻላል። ከአዲስ አበባ መራቅ ያልቻለ ደግሞ በገፈርሳ ግድብ፣ በአቃቂ አቅራቢያ ባለው በአባ ሳሙኤል ወይም ውሃ ካለው በቢሾፍቱ ጨለለቃ ግማሽ ቀን ማሳለፍ ይችላል። ጨለለቃ በበጋው ማብቂያ የሚደርቅበት ጊዜ ስላለ አስቀድሞ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ይገባል።

በዚህ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን የምትጠልቀውም በዚያው ገደማ ነው። ከንጋት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል፤ ብርሃኑ ለስላሳ፣ ውሃው የረጋ፣ ወፎቹም በምግብ ላይ ናቸው። በሚያዝያ መባቻ የቀትር ፀሐይ በዝዋይ ልክ ከአናት በላይ ስለምትውል የወፉ ዓይንና ሆድ ጥላ ውስጥ ይገባል። ከ3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከሚሞቀው ጭቃና ውሃ የሚነሣው የአየር መንቀጥቀጥ ሩቅ ያለውን ነገር ሁሉ ያደበዝዘዋል፤ ይህን የትኛውም ውድ ሌንስ አያስተካክለውም። ከቀትር በኋላ በስምጥ ሸለቆ ነፋስ ይነሣል፤ የበልግ ዝናብም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው። ስለዚህ የቀኑ መሀል ለምሳና ለዕረፍት ይሁን። ጉዞው በዐቢይ ጾም ላይ ከዋለ የምግቡን ነገር አስቀድሞ ማሰብ አይከፋም፤ ለማይጾሙት ልጆች ግን በባቱ ዓሣ ለብለብ የማያቀርብ ቤት አይታጣም። ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሥቶ ንጋት ላይ ለመድረስ ከመሞከር ይልቅ ዋዜማውን ባቱ ማደር ለልጆችም ለአሽከርካሪውም የተሻለ ነው። ከመነሣት በፊት የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ በዚያ ከሚኖር ሰው መጠየቅም አይዘንጋ።

ምን ይዞ መሄድ ይበቃል

ውድ መሣሪያ የሌለው ቤተሰብ ከዚህ ጉዞ መቅረት የለበትም። አንድ ስልክና አንድ ባይኖኩላር ካሉ መጀመር ይቻላል። 8 በ 42 የሚባለው ባይኖኩላር ለቤተሰብ ተስማሚ ነው፤ 8 እጥፍ ያቀርባል፣ ብዙም ሳይከብድ በቂ ብርሃን ያስገባል። የስልኩን ካሜራ በባይኖኩላሩ አንድ ዓይን ላይ አስተካክሎ በማስደገፍ ብቻ በመካከለኛ ርቀት የቆመ ሽመላ ወይም ዳክዬ በሚገባ ማንሣት ይቻላል፤ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ግን ባይኖኩላሩ በአንድ ነገር ላይ መደገፍ አለበት።

ካሜራ ለመግዛት ወይም ለመዋስ የሚያስብ ሰው ሌንሱ የማይነቀለውንና ረጅም ዙም ያለውን ዓይነት ቢመለከት ይጠቀማል። ለምሳሌ ኒኮን ፒ950 የተባለው 83 እጥፍ ዙም ስላለው ሐይቁ መሀል ያለውን ወፍ ያቀርባል፤ በደብዛዛ ብርሃንና በፍጥነት በሚበርር ወፍ ላይ ግን ሌንሳቸው የሚቀየር ካሜራዎች ይበልጡታል። ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ ያለው ሰው ከ300 ሚሊሜትር ያላነሰ ሌንስ ያስፈልገዋል። የትኛውም ቢያዝ ትርፍ ባትሪ፣ ትርፍ ሜሞሪ ካርድና አቧራ የሚጠርግ ለስላሳ ጨርቅ አይቅሩ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ባቄላ ወይም ሩዝ የተሞላች ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይያዙ፤ በመኪና መስኮት ላይ፣ በድንጋይ ላይ፣ በመሬትም ላይ አስቀምጠው ሌንሱን ቢያሳርፉባት ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ በብዙ ቦታ ትተካለች፤ ለልጅ እጅም አትከብድም።

ልብስ ቀለል ያለና የአፈር ወይም የቅጠል ቀለም ያለው ይሁን። ነጭና ደማቅ ልብስ ከሩቅ ስለሚታይ ወፎቹ ገና ሳንቀርብ ይርቃሉ። ባርኔጣ፣ በቂ የመጠጥ ውሃና የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ያስፈልጋል፤ በሐይቅ ዳር ፀሐይዋ ከላይም ከውሃውም ትመጣለች።

ዳርቻው ላይ ሲደርሱ

በመጀመሪያ ካሜራውን አያውጡ። መኪናውን አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጥቂት ይቆዩ። የውሃ ወፎች ከሰው ይልቅ ለቆመ መኪና ስለማይሸሹ መኪናው ራሱ ጥሩ መደበቂያ ነው፤ ሞተሩ ካልጠፋ ግን ንዝረቱ ሥዕሉን ያደበዝዛል። በዚህ ጊዜ ከልጆቹ ጋር የሚታየውን ሁሉ መመልከት ይገባል፤ የትኛው ወፍ እየበላ ነው፣ የትኛው ተኝቷል፣ ነፋሱ ከየት ይነፍሳል፣ ሰዎች ከብት የሚያጠጡት በየት በኩል ነው። ከብት በሚሰማራበት ሣር አጠገብ ወፎቹ እንቅስቃሴ ስለለመዱ መቅረብ ይቀላል።

በእግር መቅረብ ካስፈለገ በቀጥታ ወደ ወፉ አይሂዱ። ወደ ጎን ሰያፍ እየተጓዙ፣ በየጥቂቱ እየቆሙ፣ ወደ ወፉ አለማፍጠጥን እየመረጡ መሄድ ይሻላል። ወፉ ራሱ ምልክት ይሰጣል። መብላቱን አቁሞ አንገቱን ሲያቀና፣ በአንድ እግር ቆሞ የነበረው ሁለተኛውን ሲያወርድ፣ እየተራመደ መራቅ ሲጀምር ወይም የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲያሰማ ከዚያ በላይ መቅረብ ማስነሣት ነው። ያን ጊዜ መቆም፣ ቁጭ ማለት፣ ወፉ ተመልሶ መብላት ካልጀመረም ጥቂት ወደ ኋላ ማለት ያስፈልጋል። ልጆች ይህን ምልክት ከአዋቂ ቀድመው ይለዩታልና አንዱን ልጅ «ጠባቂ» አድርጎ የወፉን አንገት መቅናት እንዲያሳውቅ ኃላፊነት መስጠት ሥራውን ያቀልላል። እኔ ከመሄድ ይልቅ መቀመጥን አስበልጣለሁ፤ ከቄጠማው አጠገብ ዝቅ ብለው ያለ እንቅስቃሴ ቢቆዩ፣ በጭቃው ላይ እየለቀሙ የሚመጡት ትንንሾቹ ወፎች ራሳቸው እየቀረቡ ይመጣሉ።

ዝቅ ብሎ መቀመጥ ለሥዕሉም ይጠቅማል። ሌንሱ ከወፉ ዓይን ጋር ሲስተካከል ከጀርባው ያለው ቄጠማ ርቆ ይደበዝዛል፣ ወፉም ጎልቶ ይወጣል፤ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ወፍ ግን ጭቃው ላይ የተለጠፈ ይመስላል። በዚህ ረገድ ቁመታቸው አጭር የሆነ ልጆች ከወላጆቻቸው የተሻለ ሥዕል ቢያነሡ አያስገርምም።

መንጋው በአንድ ጊዜ ሲነሣ የሚገኘውን ሥዕል ብዙ ሰው ይመኘዋል፤ ለዚያም ሲል ድንጋይ የሚወረውር፣ የሚያጨበጭብ፣ ወይም ጀልባ ነጂውን ወደ መንጋው መሀል እንዲነዳ የሚያዝ አለ። ይህን በብርቱ እቃወማለሁ። መንጋ በራሱም ጊዜ ይነሣል፤ ንስር ወይም ጭልፊት በላዩ ሲያልፍ በሺህ የሚቆጠሩ ወፎች ብድግ ብለው ዞረው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ካሜራው ተዘጋጅቶ ከጠበቀ ሥዕሉ ይገኛል። በተለይ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው፣ ጩኸቱ ሐይቁን የሚያናውጠው ዓሣ በሊ ንስር በዝዋይ የተለመደ ስለሆነ ዓይንን ወደ ረጃጅሙ ዛፍ ጣል ማድረግ ይጠቅማል። ድሮንን በሚመለከት፣ ወፎቹ እንደ አዳኝ ስለሚያዩት ፈጽሞ አይያዝ፤ በአገራችን ያለ ፈቃድ ማብረርም ክልክል ነው።

የካሜራው አሠላለፍ ብዙ አያስቸግርም። ለቆመ ወፍ የሻተር ፍጥነቱ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ ቢያንስ 1/500 ሰከንድ ይሁን፤ ለሚሯሯጡት ትንንሽ የጭቃ ላይ ወፎች 1/1000፣ በዝግታ ክንፉን ለሚያርገበግበው ፔሊካንም እንዲሁ 1/1000 ይበቃል፤ ለተርን ግን ከ1/2000 በላይ ያስፈልጋል። አይ.ኤስ.ኦ የተባለውን የብርሃን ስሜት መጠን ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ ትቶ ጣሪያውን 3200 ላይ መገደብ ይቻላል፤ ጥቂት ቅንጣት የሚታይበት ግን ጥርት ያለ ሥዕል ከደበዘዘ ሥዕል ይሻላል። ትኩረቱ ወፉን እየተከተለ የሚሄደው ዓይነት፣ አነሣሡም በተከታታይ የሚያነሣው ይሁን። ፍላሽ አይጠቀሙ።

በውሃ ወፎች ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የነጭና የጥቁር ላባ ነገር ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ለማምጣት ስለሚጥር፣ በጠቆረ ውሃ ላይ ያለች ነጭ ፔሊካን ከመጠን በላይ ነጥታ የላባዋ ዝርዝር ይጠፋል፤ በብሩህ ሰማይ ላይ ያለ ጥቁር ወፍ ደግሞ ጠቁሮ ቅርጹ ብቻ ይቀራል። ለመጀመሪያው ሥዕሉን የሚያደምቀውንና የሚያጠቁረውን የኤክስፖዠር ማስተካከያ ከ0.7 እስከ 1 ቀንሰው፣ ለሁለተኛው ያንኑ ያህል ጨምረው ያንሡ። በስልክም ቢሆን ወፏን በጣት ነክቶ የሚመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች በመሳብ ያንኑ ማድረግ ይቻላል።

ወፎች የሚነሡትም የሚያርፉትም ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው ነው። ስለዚህ ነፋሱም ፀሐይዋም ከጀርባዎ እንዲሆኑ አድርገው ቢቆሙ ለማረፍ የሚመጣው ወፍ ፊቱን ወደ እርስዎ አድርጎ፣ ክንፉን ዘርግቶ፣ በብርሃን ውስጥ ይመጣል። ሁለቱ የማይገጥሙበት ቀን ብርሃኑን ማስቀደም ይሻላል።

ለመለማመድ ነባሮቹን ወፎች የሚያህል የለም። በውሃው ላይ በተንጣለለ ቅጠል ላይ በረጃጅም ጣቶቿ የምትራመደው ጃካና እርምጃዋ የተረጋጋ ስለሆነ ለልጅ ካሜራ ትመቻለች። ጥቁርና ነጭ የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ደግሞ ከመወርወሩ በፊት አየር ላይ በአንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ ስለሚቆይ፣ የበረራ ሥዕል ለመማር ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። በዓሣ ማራገፊያው አካባቢ ደግሞ ፔሊካኖች ዓሣ ሲሻሙ ይገኛሉ፤ በጾም ወራት የዓሣ ገበያው ስለሚደራ ግርግሩም ያይላል። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች በሥራ ላይ ናቸውና ፊታቸው በሥዕሉ የሚገባ ከሆነ ሰላምታ ሰጥቶ፣ አስፈቅዶ ማንሣት ይገባል። ልጆቹ ይህንንም ከወላጅ አይተው ይማራሉ።

ስለ ልጆቹ ደኅንነት

በዝዋይም ሆነ በሐዋሳ ጉማሬ አለ። በንጋትና በምሽት ከውሃ ወጥቶ ሣር ስለሚግጥ ፎቶ የሚነሣበት ምርጥ ሰዓትና ጉማሬ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት አንድ ናቸው። በጉማሬና በውሃው መካከል በፍጹም አይቁሙ፤ ጥቅጥቅ ባለ ቄጠማ ውስጥ ልጆችን ይዘው አይግቡ፤ ጭቃው ላይ የታተመውን የእግሩን ዱካና የሚመላለስበትን መንገድ የአካባቢው ሰዎች ስለሚያውቁት ከመራመድ በፊት እነርሱን ይጠይቁ። ልጆች እግራቸውን ውሃ ውስጥ እንዳይነክሩም መከልከል ያስፈልጋል፤ በእነዚህ ሐይቆች ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። አካባቢው ወባማ ስለሆነ ምሽት ላይ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ፣ ሌሊት ደግሞ አጎበር ያለው ማደሪያ ይምረጡ። ጀልባ የሚሳፈሩ ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሆነ የአደጋ ጊዜ መንሳፈፊያ ጃኬት ሳይኖር አይነሡ፤ ከቀትር በኋላ ማዕበል ስለሚነሣም በማለዳ ሄደው በማለዳ ይመለሱ። ወፎች ጎጆ ወደሠሩበት ቄጠማም ሆነ ደሴት ጀልባው እንዳይጠጋ ነጂውን አስቀድመው ይንገሩት፤ እናቲቱ ከጎጆዋ ስትነሣ እንቁላሉ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል።

የልጅ ትዕግሥት ልክ አለው። ለትንንሾቹ ካሜራ ከመስጠት ይልቅ ደብተርና እርሳስ ሰጥቶ ያዩትን ወፍ እንዲሥሉ ማድረግ፣ ለታላላቆቹ ስልኩን ማስያዝ፣ ባይኖኩላሩን በተራ ማዟዟር ይቻላል። ሲሰለቹ ተነሥቶ ከዳርቻው ራቅ ብሎ መሮጥና መጫወት እንዲችሉ ጊዜ መስጠት፣ በወፎቹ አጠገብ እንዲቁነጠነጡ ከማስገደድ ይሻላል።

ከተመለሱ በኋላ

ሥዕሎቹን በዚያው ምሽት ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ሲቆይ የትኛው የት እንደተነሣ ይረሳል። የወፉ ዓይን ጥርት ያላለበትን ሥዕል ሳይሳሱ ይሰርዙ። የማያውቁትን ወፍ ግን ሥዕሉ ደብዛዛ ቢሆንም ወዲያው አይሰርዙ፤ የመንቁሩ ርዝመት፣ የእግሩ ቀለም፣ የክንፉ መስመር ለመለየት ይበቃ ይሆናል። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ላቦራቶሪ ያዘጋጀው መርሊን የተባለ ነፃ የስልክ መተግበሪያ ከፎቶግራፍ ወፍ ለመለየት ያግዛል፤ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ ትክክል ስለማይሆን ከወቅቱና ከቦታው ጋር ማመሳከር ይገባል። ያው ተቋም በሚያስተዳድረው ኢበርድ በተባለው የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የታዩትን ወፎች ቁጥር ማስፈር ደግሞ ከቤተሰቡ አልበም ያለፈ ጥቅም አለው፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ምን ያህል መንገደኛ ወፍ መቼ እንደሚያልፍ የሚያጠኑ ሰዎች እንዲህ ባለ መዝገብ ይጠቀማሉ። ወፍ መመልከትን በቋሚነት መያዝ የሚፈልግ ቤተሰብ በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተውን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ሥዕሎቹን ሲያዩ የወፎቹን እግር ማጉላት አይርሱ። በአውሮፓ ብዙ ሽመላዎችና ሌሎች የውሃ ወፎች ከጎጆ ሳይወጡ ወይም ተይዘው ሲለቀቁ እግራቸው ላይ ፊደልና ቁጥር ያለው የብረት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ይታሰርላቸዋል። በሥዕሉ ላይ ጽሑፉ ወይም የቀለሞቹ ቅደም ተከተል ከታየ ቀኑንና ቦታውን ጨምሮ ወፎችን ቀለበት ለሚያስሩ ማዕከላት በኢንተርኔት ማሳወቅ ይቻላል፤ እነርሱም ወፉ የት እንደተፈለፈለና መቼ እንደታሰረ ጽፈው ይመልሳሉ። ለዚህም ሲባል ያልተቆረጠውንና ያልተነካካውን የመጀመሪያውን ፋይል በሌላ ቦታ ገልብጦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።